ከውሃው እስኪወጣ

ጥገና ቤት ወረፋው ረዝሞብኝ ስነጫነጭ፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት አሮጌ ላፕቶፓቸውን እንደ አራስ ልጅ በፎጣ ጠቅልለው አቅፈውታል። ጫማቸው ተወልውሎ ያበራል፤ የሹራባቸው ቁልፍ ግን ተዛንፎ ተቆልፏል።

ተራቸው ሲደርስ ለጠጋኙ፣ «ልጄ ዋና ቻልኩ ብሎ ቪዲዮ ላከልኝ» አሉት። «ዘሎ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ምስሉ ቀጥ ይላል። ድምፁ ብቻ ይቀጥላል።»

«ልጅዎ ደህና ነው አይደል፣ እናቴ?»

«ደህና ነው፤ ዛሬ ጠዋት ደውሎልኛል። ግን ሲወጣ አላየሁትማ! አባቱንም ውሃ ውስጥ ሲገባ እንጂ ሲወጣ አላየሁትም።»

ጠጋኙ ፈገግታውን ሰበሰበ። ኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተውን ሁሉ ዘጋግቶ፣ ቪዲዮውን ለአሮጌ ማሽን እንዲቀል አድርጎ ቀየረውና ከፈተው። ጎረምሳው ዘለለ። እናትየው የፎጣውን ጫፍ ጨምድደው ያዙ፤ እኔም ሳላስበው ትንፋሼን ዋጥኩ። ውሃው ተናወጠ፣ አረፋው ተበተነ። ምስሉ አልቆመም።

አንድ ራስ እየሳቀ ብቅ አለ።

«እፎይ! እሰይ ልጄ!»

ከዚያ ፎጣውን አነሱና፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን እርጥብ ፀጉር ቀስ ብለው አደራረቁለት።