የአክስቴ እግር

ትናንት ጎረቤቴ የኒም ቅጠል ስትቀቅል መራራ ሽታው መጣብኝና አፈርኩ። ጋምቤላ ኒም የሌለበት ግቢ የት አለ!

ልጅ ሆኜ፣ አክስቴ ለዓመታት ያበጠ እግሯን በየቀኑ በኒም ውሃ እየዘፈዘፈች መቁጠሪያ ትጸልይ ነበር። አንድ ዓመት፣ በጸሎተ ሐሙስ አባ እግራቸውን ከሚያጥቧቸው አሥራ ሁለት ምዕመናን አንዷ እሷ ሆነች። የክፍሌ ልጆች ያን እግር እንዲያዩት አልፈለግሁም። በባጃጅ ሊወስዳት የመጣውን የካቶሊክ ቤተክርስቲያን አገልጋይ በር ላይ ጠብቄ፣ «አሟታል፣ አትመጣም» ብዬ መለስኩት።

እሷ ነጠላዋን ለብሳ ውስጥ ትጠብቃለች። ደወሉ ሲሰማ፣ «አባ ረስተውኝ ይሆናል፤ የስንቱን እግር ያስታውሱ!» ብላ ሳቀች። ጫማዋን አውልቃ ያን እግር ዘረጋችልኝ።

«በይ አንቺ እጠቢልኝ፣ የኔ ልጅ።»

አጠብኩት። ጎንበስ ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

እስከ ዛሬ ንስሐ ስገባ ሁሉን እናገራለሁ፤ ይቺን ግን እዘላታለሁ።