ቦሎቄው ውስጥ የነበረው ነጭ ቅባት

የመጀመሪያው ምልክት አንገቱ ላይ የወጣች እብጠት ነበረች። ባለቤቴ ግርማ አንድ ጠዋት ጺሙን ሲላጭ አገኛት። አታመውም፣ ብትነካም አትንቀሳቀስም። ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሹፌር ስለሆነ በመስኮት የገባ ብርድ ነው ብሎ ሻርፕ ጠመጠመባት። እኔም አመንኩት። ሚኒሶታ ውስጥ ለሁሉም ነገር ጥፋተኛው ብርድ ነው። በረዶው ቀልጦ ሣሩ ሲወጣ እብጠቷ ግን እዚያው ነበረች፤ ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ከእብጠቷ ቁራጭ ተወስዶ ባዮፕሲ ተደረገ። የቶንሲል ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ስኳመስ ሴል የሚሉት ዓይነት። ዶክተሩ «ይህ የሚድን ካንሰር ነው፤ ሕክምናው ግን ከባድ ነው» አሉን። እኔ የሰማሁት «ካንሰር» የሚለውን ብቻ ነው። ግርማ «የሚድን» የሚለውን ሰማ። ድሮም እንዲሁ ነን።

ራዲዬሽንና ኬሞ አንድ ላይ ጀመረ። አፉ ቆሰለ። ምራቁ ደረቀ። ውሃ መጀመሪያ ብረት ብረት አለው፤ በኋላ የምንም ነገር ጣዕም ጠፋበት። ሆዱ ላይ ፊዲንግ ቲዩብ ተደረገለትና ምግቡ በዚያ ሆነ። መዋጥ የምታለማምደው ቴራፒስት ግን አስጠነቀቀችው። «በቲዩብ ብትመገብም በአፍህ መዋጥ እንዳታቆም። ጉሮሮ ካልሠራ መሥራት ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ ቲዩቡ ዕድሜ ልክ አብሮህ ይኖራል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ከካንሰሩ ይልቅ ቲዩቡን ፈራሁ።

ሕክምናው አልቆ ጥቂት እንደቆየ ጠያቂ መጣ። ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው አንዲት እናት በፍቅር ፍርፍር አጎረሱት። እምቢ ማለት አፈረ። ትን አለው። ፊቱ ጠቆረ። ጀርባውን መታሁት። አምቡላንስ ጠራሁ። ምግቡ ሳንባው ገብቶ ነበር። አስፒሬሽን ኒሞኒያ፣ የሳንባ ምች ነው ተባለና ሆስፒታል ተኛ። ከኒሞኒያው ዳነ። ቤት ሲመለስ ግን በአፌ ምንም አልቀምስም አለ።

እኔ እጇ ይጣፍጣል የተባለልኝ ሴት ነኝ፤ ሞያዬን ማንም አይነካብኝም። በርበሬውን ትቼ፣ ቅመሙን ትቼ አልጫ ስሠራ «ሽታው ራሱ ያቃጥለኛል» ይላል። የማውቀው ሁሉ ለእሱ የማይሆን ነገር ሆነ። በጣም ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

የምሠራው ፕሊማውዝ ውስጥ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ካፍቴሪያ ነው። ሼፏ ሉፔ የምትባል ሜክሲኳዊት ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ዕድሜዋን በሙሉ ምግብ ስታበስል የኖረች ናት። የሁለታችንም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ስለሆነ በደንብ እንግባባለን። ዕቃ እያጠብኩ ሳለቅስ ስታገኘኝ የሆነውን ነገርኳት። «ቅዳሜ ቤቴ ነይ። እናቴ ለታመመ ሰው የምትሠራውን አሳይሻለሁ» አለችኝ።

ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ወደሚገኘው ቤቷ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያስተማረችኝ አቶሌ የሚሉትን ነው፤ የበቆሎ ዱቄት በወተትና በቀረፋ እየተማሰለ እስኪወፍር ይበስላል። «ይሄማ አጥሚት ነው» ብዬ ሳቅኩ። ለቴራፒስቷ ወስጄ አሳየኋት፤ ውፍረቱን አይታ ፈቀደች። ግርማ አገጩን ወደ ደረቱ አድርጎ፣ በሻይ ማንኪያ፣ እንደ መድኃኒት ዋጠው። አላነቀውም። ማንኪያውን ደግሜ ሞላሁለት።

ቀጥሎ ቦሎቄ መጣ። እኔ ከልምዴ ሽንኩርቱን ድቅቅ አድርጌ ከትፌ ያለ ዘይት ማቁላላት ስጀምር ሉፔ ማማሰያውን ከእጄ ነጠቀችኝ። በእሷ ድስት ሽንኩርት ለሁለት ተከፍሎ ይገባል፤ ቦሎቄው ሲበስል ወጥቶ ይጣላል። ይጣላል! እኛ ወጡን የምንሠራው ከሽንኩርት ነው፤ እሷ እንደ እንግዳ ጋብዛ ትሸኘዋለች። ከዚያ ቦሎቄውን ጨፍልቃ፣ ልጣጩ ጉሮሮ እንዳይዝ በወንፊት አሳልፋ፣ ከጣሳ በምትዝቀው ነጭ የረጋ ቅባት ከነውሃው ታንተከትከዋለች። ቅባቱን የሚረጋ ዘይት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ያንን ሲያይ ሌላ ነገር አያስብም።

ግርማ ያንን ቦሎቄ ወደደው። ከማንኪያ ወደ ሳህን አለፈ፤ ሲውጥ የሚያስለው ሳል ቀነሰ፤ ሱሪው ወገቡ ላይ መያዝ ጀመረ፤ በኤክስሬይ እያዩ የመዋጥ ምርመራ ሲያደርጉለትም ምግቡ በትክክለኛው መንገድ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ቀደም ብዬ ስደርስ ሉፔ ስብ ከትፋ እያቀለጠች ነው። ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። «የአሳማ ነው። ለቦሎቄው» አለችኝ። ግርማ ጾሙን የማይፈታ፣ አሳማ የነካውን ሳህን የማይቀርብ ሰው ነው። ብነግረው አፉን መልሶ ይዘጋል፤ ቲዩቡም ይቀራል። ባልነግረው ደግሞ እንዴት አብሬው ማዕድ እቀርባለሁ?

ቤት እንደደረስኩ፣ ኮቴን ሳላወልቅ ነገርኩት። «ቦሎቄው በአሳማ ስብ ነው የሚሠራው፤ አላወቅኩም።»

አማተበ። ከዚያ «እኔ እኮ ሰሞኑን ቦሎቄው ሥጋ ሥጋ ሲለኝ ነበር። አፌ እየዋሸኝ መስሎኝ ዝም አልኩ» አለኝ።

የተናገረው ነገር ቆይቶ ነው የገባኝ። «ጣዕም ይሰማሃል ማለት ነው?»

እሱም የገባው ያኔ ይመስለኛል። አፉን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እኔ ሳቅኩም አለቀስኩም።

የንስሐ አባታችን ጋ ደወለ። «ሳታውቅ ነው ልጄ። ከእንግዲህ በዘይት ይሁን፤ መብላቱን ግን እንዳትተው» አሉት። ሉፔ ስትሰማ «ለምን አልጠየቅሽኝም!» ብላ ተቆጣችኝ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለግርማ ብቻ የሚሆን አዲስ ድስት ገዝታ ጠበቀችኝ። ቦሎቄው በዘይትም ይሆናል። ሣሩ በድጋሚ ሲለመልም ቲዩቡ ወጣ፤ ቀዳዳው በራሱ ገጠመ።

እግዚአብሔር ይመስገን። ለሐኪሞቹ፣ ለቴራፒስቷ፣ ለሉፔ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምታነቡ አስታማሚዎች፣ ታማሚያችሁ ትንሽም ቢሆን በየቀኑ ይዋጥ፤ የምግቡን ውፍረት ቴራፒስት ሳያይ አትስጡ። ጠያቂ ሲመጣ ጉርሻ ክልክል መሆኑን በር ላይ ተናገሩ፤ ቅር ይበላቸው። የሰው አገር ምግብም አትናቁ፤ ምን እንደገባበት ግን ጠይቁ።

ግርማ አሁን ቁጭ ብሎ ይበላል፤ ወጤንም ያማል። «ጨው አንሶታል» ይለኛል። አንዳንድ ቀን ይህን ሲል ለመስማት ሆን ብዬ አሳንሳለሁ።