ያልተፋቀው ሶል

አያቴ አዲስ ጫማ እንዲሁ አያስደርጉንም ነበር። በራችን ላይ ባስቀመጡት፣ እንደ ወንፊት በተበሳሳ ጥቁር ድንጋይ ሶሉን እስኪሻክር ይፍቁታል። “ለስላሳ ሶል ከመሬት ጋር አይተዋወቅም” ይሉን ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው። እዚሁ ናዝሬት አስተማሪ ሆኜ እንደተቀጠርኩ በመጀመሪያ ደመወዜ ጥቁር የቆዳ ጫማ ገዛሁላቸው። ይዘውት ወደ ድንጋዩ ሲሄዱ ተቆጣሁ።

“አባባ፣ ይተዉት እንጂ! ይሄን የመሰለ ጫማ ሊያበላሹት ነው?”

ትንሽ አመነቱ። “እሺ ልጄ፣ አንቺ ደስ ይበልሽ” አሉና እንዳለ አደረጉት።

በማግስቱ የቀበሌ ስብሰባ ነበር፤ መቅረት አይቻልም። የአዳራሹ ሊሾ ታጥቦ ገና አልደረቀም። ገና ከመግባታቸው ተንሸራተው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሱም። ለሚጠይቃቸው ሁሉ “እርጅና ነው የጣለኝ” ይሉ ነበር። ጫማውን አንድ ቀን እንኳ አላነሱብኝም።

ከቀብር ስንመለስ ጫማውን ከአልጋቸው ሥር አወጣሁት። ሶሉ አሁንም ያብረቀርቃል። ድንጋያቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ መፋቅ ጀመርኩ።

“ለማን ነው?” አለችኝ እናቴ።

ቀና ብዬ ሳላያት፣ እጄ እስኪላጥ ፋቅሁት።