ጀልባ ቀዛፊው ሞቷል ወይስ አልሞተም

በዚያ የረሃብ ዘመን ሱዳን አገር፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ አንድ የህንድ ፊልም አየን፤ በእሱም ስንጨቃጨቅ አንድ ወር ከረምን። ጭቅጭቁ የሦስት ሴቶች ነበር፤ የእናቴ፣ የአባቴ እህት የሆነችው የአክስቴና የእኔ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ክርክር ከጀመርኩ በቀላሉ የምበርድ ሰው አልነበርኩም፤ ዛሬም አይደለሁም።

ገዳሪፍ የገባነው ሾዋክ አጠገብ ከነበረው የስደተኞች መጠለያ ነው። እዚያ ታምሜ ሁለት ወር ሙሉ ተኝቼ ስለነበር፣ ስነሳ እግሮቼ የሰው እንጂ የራሴ አይመስሉኝም ነበር። አባቴ አብሮን አልነበረም። ድንበሩን ከመሻገራችን በፊት ወባ ጣለውና ከሁለት የአገራችን ሰዎች ጋር አንድ ዛፍ ሥር ቀረ። "ቅደሙ፤ ሲተወኝ እደርስባችኋለሁ" አለን። እኛም ቀደምን። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር የሚወርደውን ሰው ሁሉ እያየሁ እጠብቀው ነበር።

ሥራ የሰጠችን ገዳሪፍ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረች፣ የጎንደር ሰው የሆነች የሙስሊም ነጋዴ ሚስት ናት። ባሏ ሰሊጥ ይነግዳል፤ እኛ ግቢዋ ውስጥ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ሰሊጡን በሰፌድ እናበጥራለን። አንድ ቀን የሦስታችንም የተከፋ ፊት ሰለቻትና ትንሽ ይፍታታችሁ ብላ ወደ ማታ ሲኒማ ወሰደችን። ደግነቷን አልረሳም፤ ግን ከፊልም ሁሉ መርጣ የለቅሶ ፊልም ነው ያሳየችን።

ከሥር የሚጻፈው አረብኛ ነው፤ እኛ ደግሞ ማንበብ አንችልም፤ ያየነውን እያገጣጠምን ነው የተከታተልነው። አንድ ጀልባ ቀዛፊ አለ፤ ሚስቱን ይወዳል። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ የሌላ ሰው ትንሽ ልጅ ውሃ ይወስደዋል። ዘሎ ይገባል፤ ልጁ ይወጣል፤ እሱ አይወጣም። ጥምጣሙ ብቻ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ታየ። ሚስቱ የእጇን አምባር ሁሉ ሰባበረች። መጨረሻ ላይ ነጭ ልብስ ለብሳ ብቻዋን ከቤት ወጣችና ፊልሙ አለቀ።

በማግስቱ ሰፌዱን እንዳነሳን አክስቴ ነፍሱን ይማረውና መልካም ሰው ነበር አለች። እናቴ ማን ሞተና አለቻት። ክርክሩ በዚህ ተጀመረ።

የእናቴ ማስረጃ ነጩ ልብስ ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ጥቁር ትለብሳለች፤ ይቺ ግን የጥምቀት ዕለት ይመስል ነጭ በነጭ ሆና ወጣች። እንግዲያው ከወንዙ ታች ያሉ ሰዎች አውጥተውት ወሬው ደርሷታል ማለት ነው። እኔም ከእናቴ ጎን ተሰለፍኩ። አምባሩን የሰበረችው ተናዳ ነው እያልኩ፣ ሬሳውን አይተሻል ወይ እያልኩ አክስቴን መፈናፈኛ አሳጣኋት። አክስቴ ውሃ የወሰደው ሰው ምን ሬሳ አለው ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

ስለ ማን እንደምንከራከር ሦስታችንም እናውቃለን። አክስቴ ለወንድሟ ለቅሶ መቀመጥ ፈልጋለች፤ ሳይለቀስለት መቅረቱ አንጀቷን ይበላታል። እናቴ ደግሞ መርዶ ሳይመጣ ማልቀስ ሟርት ነው ትላለች። ጀልባ ቀዛፊው በሕይወት እስካለ ድረስ እኔም አባት አለኝ፤ ስለዚህ ሰውየውን እንዲሞት አልፈቀድኩለትም።

አንድ ቀን ክርክሩን ልጨርሰው ብዬ መጋዘን ውስጥ የነጋዴውን ሚስት ብቻዋን ጠየቅኋት። አልሳቀችብኝም። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ የህንድ ሴት ባሏ ሲሞት ነው ነጭ የምትለብሰው፣ አምባሯንም ያኔ ነው የምትሰብረው አለችኝ። ጆንያው ላይ ቁጭ አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ፊቴን ጠራርጌ ወደ ራኩባው ተመለስኩ።

አክስቴ ከየት እንደመጣሁ ከፊቴ አወቀች። ምን አለችሽ ብላ ጠየቀችኝ። የእናቴ ሰፌድ ቆመ።

"ነጭ እነሱም ዘንድ የደስታ ነው አለችኝ" አልኩ። "ባሏ ተመልሷል።"

የአክስቴ እንባ ሰሊጡ ላይ ተንጠባጠበ። እሷን እንደበደልኳት ገባኝ። እናቴ ግን ትኩር ብላ አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች፤ እኔም እናቴን አተረፍኳት ብዬ በልቤ ኮራሁ። ጎበዝ ነበርኩ መሰለኝ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ እናቴ ቀሰቀሰችኝ። አክስቴ ተኝታለች። እናቴ ወደ ደጅ አወጣችኝና ከትናንት የተረፈ ኪስራ፣ የሱዳኖችን ስስ የማሽላ እንጀራ፣ በወጥ አቀረበችልኝ። አልራበኝም ብላት ብይ አለችኝ፤ ጨርሼ እስክውጥ ድረስ አጠገቤ ተቀምጣ ጠበቀች። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። በአገራችን በማለዳ ተቀስቅሶ አስቀድሞ እንዲበላ የሚደረግ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አውቃለሁ።

የነጩን ልብስ ነገር እሷም የነጋዴውን ሚስት ጠይቃ ኖሯል፤ ያኔውኑ፣ ከሲኒማው ስንመለስ መንገድ ላይ። ታዲያ አንድ ወር ሙሉ ለምን ተከራከርሽ አልኳት። ቀስ ብላ ነገረችኝ። እኔ መጠለያው ውስጥ ታምሜ ተኝቼ ሳለሁ ከአባቴ ጋር ከቀሩት ሰዎች አንዱ መጥቷል። አባቴን እዚያው ዛፍ ሥር የቀበረው እሱ ነው። መርዶ ለበሽተኛ አይነገርምና ሰውየውን አፉን እንዲይዝ ለምና ሸኘችው፤ ከተነሳሁም በኋላ ገና አልጠናችም እያለች መርዶውን አቆየችው። ለአክስቴም ያልነገረቻት፣ አክስቴ ድምፅ ሳታሰማ ማልቀስ ስለማይሆንላት ነው፤ ብታለቅስ እኔ እሰማለሁ። እሷ ግን ውሃ ልቀዳ እያለች እየወጣች ብቻዋን ታለቅስ ነበር።

"ትናንት ለእኔ ብለሽ ዋሸሽ" አለችኝ እጄን ይዛ። "ለሰው መራራት ከጀመርሽ፣ ድነሻል ማለት ነው። ልጄ፣ አባትሽ የለም።"

አክስቴን የቀሰቀሳት የእኔ ጩኸት ነው። ምን ሆናችሁ ብላ አልጠየቀችም፤ እየሮጠች መጥታ መካከላችን ወደቀች። እናቴ አምስት ወር ሙሉ ብቻዋን ስታለቅስ የኖረችውን፣ ያን ጠዋት ሦስት ሆነን አለቀስነው።