በአክፍሎት የተወጣ ዳገት

በመጨረሻ አብረን የሠራነው ነገር የብስክሌት ጎማ መንፋት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት፣ በረንዳው ላይ። ባለቤቴ ቆሞ መንፊያውን ይጫናል፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ጎማውን በአውራ ጣቴ እሞክራለሁ። መንፊያው ወደ ታች ሲሄድ ያፏጫል፣ ወደ ላይ ሲመለስ ያቃስታል። ፀሐይ የሞቀው ያረጀ ጎማ ከሰንሰለቱ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ይሸታል።

«ጠነከረ?»

«ትንሽ ጨምር።»

«ያንቺ ትንሽ መቼም አያልቅም።»

ብስክሌቱን ከነዳው ብዙ ዓመት አልፎታል። ጉልበቱ እምቢ ካለው በኋላም ግን፣ ጎማ ባዶውን ከቆመ ይሰነጠቃል እያለ በየቅዳሜው ይነፋዋል። የዚያን ቀን መንፊያውን ነቅሎ ላቡን እየጠረገ፣ «ያኔ ጉና ላይ ሁሉም ነገር ሲከዳኝ ይኼ ብስክሌት አልከዳኝም። ይኼ ብስክሌትና አንቺ» አለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሳልነግረው የኖርኩት ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። እጄን ዘይት ነክቶት ስለነበር ልታጠብ ገባሁ። በሌላ ቅዳሜ እነግረዋለሁ አልኩ። ማክሰኞ ዐረፈ።

እንግዲህ ለሱ ያልነገርኩትን ላንቺ፣ ይህን ለምታነቢው፣ ልንገርሽ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ታገሺኝ።

በተጋባን በዓመታችን ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ሁለታችንም ደብረ ታቦር እናስተምር ነበር። እሱ ያደገው ባሕር ዳር ነው፤ ሜዳ ላይ፣ ሰው ገበያም ቤተ ክርስቲያንም በብስክሌት በሚሄድበት አገር። ብስክሌቱን ይዞ የመጣ ዕለት አከራያችን እማማ ከላይ እስከ ታች አይተውት፣ «ልጄ፣ እዚያ ብስክሌቱ ሰውን ይሸከማል፤ እዚህ ሰው ነው ብስክሌቱን የሚሸከመው» አሉት።

ከጥምቀት በኋላ የዝውውር ደብዳቤ መጣለት። ከጉና ተራራ ማዶ፣ ጋይንት በኩል ላለ ትምህርት ቤት። እኔ እቀራለሁ። ዓርብ ከክፍል ሲወጣ አውቶቡሱ ሄዷል፤ ቅዳሜ የሚመጣው ደግሞ ሞልቶ ያልፋል። ጉናን በአንድ ቀን በብስክሌት መሻገር ከቻለ እሑድ እሑድ ባልና ሚስት እንሆናለን። ካልቻለ እስከ ክረምት ድረስ ትዳራችን ደብዳቤ ብቻ ነው። እንዲህ ነበር ነገሩ።

ለመለማመድ ጊዜ አልነበረውም። በሁለቱም ፈረቃ ያስተምራል፤ የሚተርፈው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያለችው ግማሽ ሰዓት ናት። «ረጅም መንገድ የምሄድበት ጊዜ ከሌለኝ አጭርና ክፉ ዳገት እፈልጋለሁ» አለ። ከገበያው በላይ አንዲት ቀጥ ያለች ዳገት አለች። እሷን መረጠ። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ወረደ፤ ከሳምንት በኋላ አራት ጊዜ፤ ከዚያ ስድስት። እኔ ጫፉ ላይ ኮቱን ይዤ እጠብቀዋለሁ። የባሕር ዛፉ ሽታ፣ ብርዱ፣ ከሸሚዙ የሚተነው ላብ፣ ከሩቅ ጉና አናት ላይ የቀረችው የመጨረሻ ብርሃን። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣው ያቺ ሰዓት ናት።

ድንች ሻጮቹ አንዱን ዳገት ሲመላለስ አይተው አላስቻላቸውም። «መምህር፣ የጠፋብዎት ነገር አለ እንዴ? ይንገሩንና አብረን እንፈልግ!»

«ሳንባዬ ጠፍቶብኝ ነው!» ይላል እያለከለከ።

በኋላ ክብደት እንዲሆነው ከነሱ ድንች ገዝቶ ከኋላው ጫነ። «እንግዲህ ድንቹንም ሊያለማምዱት ነው!» ብለው ሳቁ። ያን ድንች ስንበላ ሰነበትን።

ሁዳዴ ሲገባ ሄደ። ደብዳቤው በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ይመጣልኝ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ዳገት አግኝቻለሁ፣ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማው በፊት ሁለት ጊዜ እወጣለሁ፣ በምሳ ሰዓት አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጉና ራቅ ብዬ እሄዳለሁ ይላል። «ለፋሲካ ዋዜማ ጠብቂኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያ ነኝ።»

እኔ ደግሞ ዘንድሮ አከፍላለሁ ብዬ ጻፍኩለት። አክፍሎት ከጸሎተ ሐሙስ ማታ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውኃ ሳይቀምሱ መቆየት ነው። ከዚያ በፊት አክፍዬ አላውቅም። ባዶ ቤት ከብዶኝ፣ የምይዘው ነገር ፈልጌ ነው። ወዲያው መለሰልኝ፦ «እንግዲያው እኔም አከፍላለሁ። ተራርቀን ጾመን አብረን እንፈስካለን።» ደብዳቤውን ደረቴ ላይ አድርጌ ተኛሁ። ለአንድ ዳገት ከሁለት ወር በላይ የተዘጋጀ ሰው በባዶ ሆዱ እንዴት ይወጣዋል ብሎ ማሰብ ለሁለታችንም አልመጣልንም። ሁለታችንም መምህራን ነበርን።

ዓርብ፣ ስቅለት፣ ስሰግድ ውዬ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት መጣሁ። ምድሩ ይዞርብኛል። እማማ ገና ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም። ጓዳው ውስጥ የሐሙስ ጉልባን በሳሕን ተከድኖ ተቀምጧል። ቆሜ፣ በጣቴ፣ ሦስት እፍኝ በላሁ። የባቄላው ልጣጭ ጥርሴ መሐል ሲገባ፣ የጨው ጣዕሙ፣ ሁሉም ትዝ ይለኛል። አፌን በነጠላዬ ጠረግኩና ሳሕኑን እንደነበረ ከደንኩት።

ቅዳሜ ከቀትር ጀምሮ የጋይንት መንገድ ከተማችን የሚገባበት ጫፍ ላይ ቆምኩ። ጠጠሩ ላይ በግ የሚነዳ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ ሰው ይጎርፋል። ጉና ጉም ለብሷል። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፣ ዐሥር ሆነ። በግ የሚነዱ ሰውዬ ሲያልፉ ጠየቅኋቸው።

«አባቴ፣ ብስክሌት የሚነዳ ሰው አላዩም?»

«የሚነዳ እንኳ አላየሁም፣ ልጄ። የሚገፋ ግን ከኋላዬ አለ። እሱ ብስክሌቱን ይግፋ፣ ብስክሌቱ እሱን ይጎትት ለይቼ አላወቅሁም።»

ፀሐይ ስትጠልቅ መጣ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል፤ ግንባሩ ላይ እርጥብ ቄጠማ ታስሯል። ዓርብን ሙሉ ሲሰግድ ነው የዋለው። ያ ከሁለት ወር በላይ የተገራ ጭን በስግደት ዝሎ ገና የመጀመሪያው ዳገት ላይ እምቢ አለ። ጉና ሥር ሣሩ ላይ ወደቀ። የፋሲካ ቄጠማ እያደሉ የሚሄዱ ቄስ አገኙት።

«አክፍለሃል?» አሉት።

«አዎ፣ አባ።»

«ትናንትስ ሰግደሃል?»

«አዎ።»

«አንተ ልጅ፣ ጹም ተብሏል፣ ስገድም ተብሏል። ጉናን በብስክሌት ውጣ የሚል ግን እኔ የትም አላነበብኩም። በል፣ በሶ ላስበጥብጥልህ። ነፍስህን የሚጎዳ ነገር የለውም።»

እሱ ግን እምቢ አለ። «ሚስቴ አክፍላ ትጠብቀኛለች፣ አባ። እኔ ቀምሼ ፊቷን እንዴት አያለሁ?» ቄሱ ራሳቸውን እየነቀነቁ ቄጠማውን አሰሩለትና ዳገቱ እስኪያልቅ ብስክሌቱን አብረውት ገፉ።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ እየሳቀ ነው። ከዚያ አየኝና፣ «አንቺስ? አላዞረሽም?» አለኝ።

«አላዞረኝም» አልኩት።

እውነቴን ነበር። ለዚህ ነው የከበደኝ። ጨርሶ ብዋሽ ኖሮ ምናልባት ይቀለኝ ነበር። ሲፈሰክ የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደኔ አፍ ሰደደ፦ «ያንቺ ይቅደም። የጸናሽው አንቺ ነሽ።» ጎረስኩት።

ከዚያ በኋላ ወደ ደብረ ታቦር እስኪመለስ ድረስ ጉናን ብዙ ጊዜ ተሻገረ፤ በልቶ፣ ኪሱን ቆሎ ሞልቶ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን የሚያወራው ያቺን አንዲት ቅዳሜ ነው። «ጉናን ያሻገረችኝ ሚስቴ ናት» ይላል። እኔ ወጥ ልጨምር ብዬ እነሣለሁ።

እፍኝ ጉልባን ምን አላት ትዪኝ ይሆናል። እሱም ቢሰማ ይስቅ ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። ያን ሳቁን ነው ያስቀረሁበት።

አሁን መንገዱ አስፋልት ሆኗል፤ ሚኒባሱ ጉናን ሳያለከልክ ያልፈዋል። ይህን ስጽፍ ከደጅ ባጃጅ ይጮኻል።

በየዓመቱ አከፍላለሁ። እሱ ካረፈ ሦስት ፋሲካ ሆነኝ። በዋዜማው ቅዳሜ ጠዋት ጎማውን በአንድ እጄ እየነፋሁ በሌላው እሞክራለሁ፤ ከዚያ ብስክሌቱን እየገፋሁ የጋይንትን መንገድ ይዤ እስከ መጀመሪያው ዳገት አናት ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ባዶ ሆድ እንዳይጥለኝ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ እለማመዳለሁ። የማስተምርበት ሰዓት ሲያልቅ የሚተርፈኝ ያችው ግማሽ ሰዓት ናት። ከገበያው በላይ ያለችው ዳገት እንዳለች ናት። ድንች ሻጮቹ ግን ሌሎች ናቸው፤ የጠፋብዎት ነገር አለ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። ብስክሌቱን ይዤ ሁለት ጊዜ እወጣለሁ፣ ሁለት ጊዜ እወርዳለሁ፣ ወደ ቤቴ እገባለሁ።