በደብተር የሞተው አጎቴ

አክስቴን ዘመድ ሁሉ «መዝገብ ቤት» እያለ ነው የሚጠራት። ቅጽል ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ሆስፒታል መዝገብ ቤት የሕሙማን ካርድ ስታወጣና ስትመልስ ኖራለች። ጡረታ የወጣችው ግን ከሆስፒታሉ እንጂ ከመዝገብ አይደለም። ቤቷ ብትሄዱ የሁላችንም የክትባት ካርድ በየስማችን ፖስታ ውስጥ ገብቶ፣ ከተጣለ አሥር ዓመት ያለፈው ሬዲዮ የዋስትና ወረቀት ሳይቀር ቁም ሳጥን ውስጥ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። አንዱን አንስታችሁ ያለቦታው ብትመልሱ ከወንበሯ ሳትነሳ ታውቅባችኋለች።

እኔ የታናሽ እህቷ ልጅ ነኝ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ከሌላው ዘመድ በጥቂቱ ስለሚበልጥ ቤተሰቡ ባለሙያ ብሎ ሾሞኛል። ስለዚህ አክስቴ የአያቴን ደብተር ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት ስትነሳ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ።

ደብተሩ ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ያለው ወፍራም መዝገብ ነው። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ከቤተሰቡ የተወለደውን፣ የተዳረውንና የሞተውን ሁሉ እያስጻፉ ያኖሩበት ነው። እያስጻፉ ማለቴ በምክንያት ነው፤ የእሳቸው ጽሕፈት ለራሳቸውም አይነበብም ነበርና ብዕሩን ከልጅነቷ ጀምሮ የያዘችው አክስቴ ናት። አሁን ቀለሙ እየደበዘዘ፣ የወረቀቱም ጠርዝ እየተቆረሰ ነው።

«እኔ ስሞት ይሄ አብሮኝ ሊሞት ነው» አለችኝ በስልክ። «ሳልሞት ቶሎ ና።»

ሄድኩ። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠግተን በስልኬ ገጽ በገጽ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። ከዚያ በፊት እጄን ሁለት ጊዜ አስታጥባኛለች። የመጀመሪያውን «ፎቶ አንድ» ብዬ ሳስቀምጠው አየችና ጮኸችብኝ።

«ምንድን ነው ፎቶ አንድ? የቱ ገጽ? የማን? እንዳንተ ያለ ሠራተኛ እኔ ጋ ቢቀጠር ምሳ ሰዓት አይደርስም ነበር!»

«አክስቴ፣ ኮምፒውተሩ ፈልጎ ያገኘዋል።»

«የሚያገኘው አንተ በወጉ ካስቀመጥክለት ነው። ጻፍ! የገጹ ቁጥር፣ ዓመቱ፣ የመጀመሪያው ስም።»

ጻፍኩ። ምን ላድርግ?

ፎቶው ሲያልቅ የዘር ሐረግ በሚመዘገብበት አንድ ድረ ገጽ ላይ ስሞቹን ማስገባት ጀመርን። እሷ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሕጓ አንድ ነው፤ የተጻፈው እንደተጻፈ ይገባል፣ መጨመርም መቀነስም የለም። የአያቴ ልጆች የተጻፉበት ገጽ ላይ ስንደርስ ግን ድምጿ ወረደ። በመጀመሪያው መስመር ላይ የበኩሩ ልጅ ስምና የትውልድ ቀን አለ፤ ከጎኑ «አረፈ» ይላል፤ ቀኑም ተጽፏል። በሃያ ስድስት ዓመቱ ማለት ነው። ይህን አጎቴን ከልጅ ልጆች አንዳችንም አናውቀውም። እናቴ እንኳ ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ ስለነበረች አታስታውሰውም፤ በቤቱም ስሙ አይነሳም ነበር። በወጣትነቱ የተቀጨ ነው ብለን ተውነው።

«እንዳለ ላስገባው?» አልኳት።

«የተጻፈውን አይደል የምናስገባው» አለችና ሻይ ላፍላ ብላ ተነሳች። ብዙ ቆይታ ባዶ እጇን ተመለሰች። እኔ ቂሉ፣ ሻዩን ረስታው ነው ብዬ አለፍኩ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ በድረ ገጹ በኩል መልእክት መጣልን። የጻፈችው የማናውቃት፣ ሩቅ አገር የምትኖር ሴት ናት።

«ጤና ይስጥልኝ። የአባቴን ስም፣ የትውልድ ቀኑን፣ የወላጆቹን ስም እናንተ ጋ አገኘሁ። ሁሉም ልክ ነው። ግን እኔ ከመወለዴ ከአራት ዓመት በፊት ሞቷል ይላል። ዛሬ ጠዋት ቁርስ አብረን በልተናል። ለእሱ ከመንገሬ በፊት እናንተ ማን እንደሆናችሁ ልወቅ።»

እየሳቅኩ አክስቴ ቤት በረርኩ። አንዱ የቀን ስህተት መስሎኝ ነበር። ሳነብላት ክው አለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ልክ ናት። አልሞተም» አለችኝ። «እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ከዚያ ነገረችኝ። አጎቴ አያቴ ያልፈቀዷትን ሴት አግብቶ ከአገር ወጣ። በማግስቱ አያቴ ደብተሩን አስመጡና «አረፈ ብለሽ ጻፊ» አሏት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

«እምቢ ማለት ይቻል ነበር?»

«አልሞከርኩም። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው» አለች። «ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ የሐኪም ፊርማ ሳላይ ሰው ሞተ ብዬ ጽፌ አላውቅም። የጻፍኩት በወንድሜ ላይ ብቻ ነው።»

አያቴ ካረፉ በኋላ አንድ ደብዳቤ ልካለት ነበር። አድራሻውን ለቆ ስለነበር ሳይከፈት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ ለእህቷ ለእናቴ እንኳ።

ሦስት ቀን ሙሉ መልስ እንዳልጽፍ ከለከለችኝ። «ማን ጻፈው ቢለኝ ምን እለዋለሁ?» ትላለች። ወንድሟን ልታገኘው ነው፤ ግን ባገኘችበት ቅጽበት ልታጣውም ትችላለች፤ ይሄ አልታይ ብሎኝ ተናደድኩ።

«ሰውየው ሰባ አምስት ዓመቱ ነው! አንቺ ስታስቢ እውነትም ሊሞት ይችላል!» አልኳት።

ወዲያው አፈርኩ። እሷ ግን ተነስታ ብዕር አመጣች። በመዝገብ ቤት ሥራ ስህተት አይፋቅም፤ የተሳሳተው ቃል እየተነበበ እንዲቀር አንድ ስስ መስመር ይሳልበትና ያረመው ሰው ይፈርምበታል። «አረፈ» በሚለው ላይ መስመር ሳለች። ከጎኑ «ስህተት ነው፤ በሕይወት አለ» ብላ ጻፈች፤ ፈረመች፤ ቀኑንም አሰፈረች። ከዚያ «አሁን መልስላት» አለችኝ።

እኔም ማን እንደሆንን ጽፌ የገጹን ፎቶ አያይዤ ላክኩላት። ቀጥሎ ድረ ገጹ ላይ «በሕይወት ያለ» የሚለውን ስነካ የአጎቴ ስም ከሌላ ሰው ዓይን ተሰወረ። ለካ ድረ ገጹ በሕይወት ያሉ ሰዎችን ስም ለባዕድ አያሳይም፤ የሚያሳየው የሙታንን ብቻ ነው። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እኛ እውነቱን ጽፈን ቢሆን ኖሮ ልጅቷ የአባቷን ስም ስትፈልግ ባዶ ነበር የሚመጣላት። ይህን ለአክስቴ ነገርኳት።

«ይሄ ግን ጥፋቴን አያቀለውም» አለች።

«አያቀለውም» አልኳት፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ እሷም ትንሽ ደስ ያላት ይመስለኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ደወሉ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ወንድም ጋሼ» አለች አክስቴ። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ድምጿ ግን የልጅ ነበር።

«ስንት ዓመቴ ነበር ስሞት?» አለ።

«ሃያ ስድስት።»

«አይ፣ ገና ልጅ ነበርኩ!»

«ወንድም ጋሼ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያዘዘኝ አባባ ነው፤ እጁ ግን የኔ ነው።»

«አውቃለሁ። ልጄ የገጹን ፎቶ አሳይታኛለች። እዚያ ቤት ካንቺ በቀር የማን ጽሕፈት ይነበብ ነበር?» ብሎ ሳቀ። አክስቴ አልሳቀችም፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ሳቁ ሲያልቅ ድምፁ ተለወጠ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እማማ ሞቷል ብላ ነው የሞተችው?»

ለካ እሱም የሚፈራው ነገር ነበረው።

«ኧረ በጭራሽ!» አለች አክስቴ። «ማንበብ አትችልም ነበር እኮ፣ ረሳኸው? አባባ ሲወጣ ጠብቃ ደብተሩን ታመጣልኝና ‹ልጆቼን አንብቢልኝ› ትለኝ ነበር። ከላይ እስከ ታች አነብላታለሁ። ያንተን ስምና የተወለድክበትን ቀን አንብቤ አቆማለሁ። ሁልጊዜ። ያችን ቃል አንድም ቀን ሰምታት አታውቅም። ‹አሁን የት አገር ይሆን?› እንዳለች ነው ያረፈችው።»

ከወዲያ በኩል ልጁ ቀስ ብላ አንድ ነገር አለችው።

«እስቲ አንብቢልኝ» አለ።

«ምኑን?»

«ለእማማ እንደምታነቢላት።»

ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ ተከፍቶ ነበር፤ እሷ ግን መነጽሯን አድርጋ ደብተሩን ሳበች። ስሙን አነበበች። የተወለደበትን ቀን፣ ወርና ዓመት አነበበች። አቆመች።

«አለሁ» አለ አጎቴ።

አክስቴ ጣቷን ወደ ሁለተኛው መስመር አወረደች።