ሁለት ሕመም በአንድ ስም

ባለፈው ሳምንት ቢቸና ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ አንዲት ወጣት ነርስ ሴቶቹን ሰብስባ ስለ ጡት ካንሰር ስታስተምር ሰማሁ። ቃሉን ሳትሸፋፍን ስትጠራው ደስ አለኝ። በእኔ ወጣትነት የሳንባውም የጡቱም ሕመም እኛ ዘንድ ስሙ ነቀርሳ ነበር፤ ይኸው ስም እናቴን ሊያሳጣኝ ሲል ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ክረምቱ ሊገባ ሲል እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባትና ሲስተር ዘይነባ ዘንድ ሄደች። ሲስተር ከጅማ ተመድባ የመጣች ሳቂታ ነርስ ነበረች። እናቴ ስትመለስ «ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም፣ ሞጣ ሆስፒታል ሄደው ይታዩ አለችኝ» አለችን።

አባቴ እፎይ አለ። ጎረቤታችን የሳንባ ነቀርሳ ይዞት፣ በነጻ በተሰጠው ክኒን ድኖ እርሻው ላይ ነበርና።

«ለነቀርሳማ ሞጣ ድረስ ምን አንከራተተን? ክኒኑ እዚሁ አለ!»

አባቴ የቅኔ መምህር ነው። ከአንድ ቃል ሁለት ፍቺ ሲያስወጣ የሚውል ሰው፣ ቤቱ የገባውን ቃል በአንዱ ፍቺ ብቻ ሰማው። እኔም አመንኩት፤ አባቴን በቃል ማን ይከራከረዋል?

ክኒኑን ሊጠይቅ ሲሄድ ሲስተር ደነገጠች። ጭቃውን እየረገጠች ተከትላው ቤታችን መጣች።

«መሪጌታ፣ ስሙ ነው እንጂ አንድ፣ ሕመሙ ሌላ ነው። ይኼኛው በክኒን አይለቅም፣ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት።»

አባቴ ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ አቀረቀረ። እናቴ ግን ወጪውን አስባ ተቆጣች።

«በሬ ሸጣችሁ እኔን ልታድኑ? ኋላ በምን ልታርሱ? ጸበሌን እየጠጣሁ እቀመጣለሁ!»

«ጸበሉንም ይጠጡ እትዬ። ግን አሁን ከሄዱ ሞጣ ይበቃዎታል። ከቆዩ አዲስ አበባ ነው፤ ጨረሩ፣ ወረፋው፣ የቤት ኪራዩ። ያኔ በሬዎቹም አይበቁ፣ መዳኑም ያጠራጥራል።»

አባቴ ቀና አለ። «አንዱ በሬ ይሸጥ። ለቀረው አብሮት የሚጠመድ መቀናጆ ከጎረቤት አይጠፋም።»

አውቶቡሱ በጭቃ እየተንፏቀቀ ግንደወይንን አለፈ። እኔ በፍርሃት መንገዱን ብቻ አያለሁ፤ እናቴ በሶ በጥብጣ ለአጠገቧ መንገደኛ እያጠጣች ዘር ማንዘሩን ትጠይቃለች። ሞጣ ሐኪሙ አይቷት «በጊዜ መጣችሁ» አለን። ከዚያ የጣፈጠ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ሲስተር ዘይነባ በኋላ ተዛወረች፤ ዳግም አላየኋትም። ያለችበት ሰላም ይሁንላት። ብዙ ሰው ሕክምና የሚባለው ሩቅና ውድ ሲሆን ይመስለዋል። እኛን ያዳነን ግን ቅርብ የነበረው፣ በጊዜ የደረስንበት ነው።

እናቴ አንድ ጡቷን አጥታ ልጆቼን ሁሉ አሳደገችልኝ። እቅፏ ውስጥ ቦታ ሲሻሙ በባዶው በኩል ትስባቸውና «በዚህ ተኙ፣ እዚህ ሰፊ ቦታ አለ» ትላቸው ነበር።